ገና ላልተሠራው ሊኑክስ የቀረበ ምስጋና

ቀን፦ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. (የእኛው ኅዳር ነው፤ የማሽኑ አይደለም)

ለተከበሩ አቶ ሚልክያስ
በ«ዘርና ሥር» የገበሬዎች ድጋፍ ማኅበር የቴክኖሎጂና ዘመናዊ አሠራር ክፍል ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ጉዳዩ፦ ላፕቶፔን ሰባት ዓመት ወጣት ስላደረጉልኝ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ላፕቶፔም ከረጅም ሕመም በኋላ ተነሥቶ እህል ውሃ መቅመስ ጀምሯል። ይህን ደብዳቤ በማኅበራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትና በሠራተኞች የቴሌግራም ገጽ ላይ ያወጣሁት እርስዎን ለመንካት አስቤ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ውለታ በፖስታ ታሽጎ መሳቢያ ውስጥ ቢቀር ግፍ ይሆናል ብዬ ነው። ስሜ ዓመለወርቅ ነው። አባቴ ይህን ስም ሲያወጡልኝ ስለ ጠባዬ ምን ተስፋ አድርገው እንደነበር እግዜር ይወቅ፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ስሜን ላለማሳፈር የተቻለኝን እሞክራለሁ።

እርስዎ የሚያውቁትን ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። የማኅበራችን የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነኝ፤ ከቤሌ እስከ በዴሳ ያለው ጭቃ ጫማዬን ያውቀዋል። ልጆቼ ተመርቀው ከቤት ከወጡ በኋላ «እናት በተራዋ ደብተር ገዛች» እስኪባል ድረስ በርቀት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ጀመርኩ፣ የመመረቂያ ጽሑፌንም ዝንጅብል ለምን እንደሚደርቅ በሚለው ላይ ሠራሁ። ርዕሱን የመረጠልኝ መምህር የለም። አባቴ አቶ ቦልቴ ቦምቤ አጠገብ ዝንጅብል ያለሙ ነበር፤ አንድ ክረምት ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱ ተልፈሰፈሰ፣ ሲነቅሉትም ሥሩ በስብሶ እጃቸው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ «ምን ሆኖ ነው የሞተው?» የሚለውን ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚሉ ሰው ናቸውና «በሽታ ነው» በሚል መልስ አልተላቀቁኝም።

እነሆ ከብዙ ድካም በኋላ ጽሑፌ ተጠናቆ ለኮሌጁ ገባ፤ ፈታኞቼም በየከተማው ስለሚገኙ ጽሑፌን በኢንተርኔት፣ ፊት ለፊት እየተያየን እንዳቀርብ ለኅዳር 15 ተቀጠርኩ። ያ ቀን ካለፈ የሚቀጥለው ዙር ከርሞ ነው። አባቴ ቀጠሮውን ሲሰሙ መጥተው ከኋላዬ ተቀምጠው እንደሚያዳምጡ ነገሩኝ፤ ለሚቀጥለው ዙር ግን እሳቸው መኖራቸውን ፈጣሪ እንጂ ኮሌጁ እንደማያውቅ አክለው ነገሩኝ። ስለዚህ ለኅዳር 15 የሚያስፈልገኝ አንድ የሚሠራ ላፕቶፕ ብቻ ነበር። ይህንንም ከእርስዎ ክፍል ጠየቅኩ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

1ኛ) በመጀመሪያ የማመሰግንዎ በመስከረም ስላወጡት ታላቅ መመሪያ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ገና የጊፋታ በዓል ድካም ከላያችን ሳይወርድ ሰብስበውን፣ ከማኅበሩ ማተሚያ የሚወጡ ደብዳቤዎች የፈረንጅ ቀን ይዘው መውጣታቸው ክብራችንን እንደሚነካ ገለጹልን፤ ስለዚህም በዋናው መሥሪያ ቤትም ሆነ በቦምቤ፣ በቤሌና በበዴሳ ቅርንጫፎች ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ቀናቸውም ሰዓታቸውም በአገራችን አቆጣጠር እንዲሞላ አዘዙ። አጨበጨብን። ያጨበጨብነውም ከልባችን ነው፣ ዘመን አቆጣጠራችንን የማይወድ በመካከላችን አልነበረምና። ችግሩ፣ ክቡር ሆይ፣ ማሽኑ በስብሰባው ላይ አልነበረም። ለእሱ «ዓመቱ 2018 ነው» ሲባል የሚያውቀው የፈረንጆቹን 2018 ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ጀምበር ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ እዚያው ተቀመጠ። እርስዎም ሥራዎን ግማሽ የሚተዉ ሰው አይደሉምና፣ ማሽኖቹ ተሳስታችኋል ብለው ቀኑን በራሳቸው እንዳያስተካክሉ ያንንም መንገድ ጥርቅም አድርገው ዘጉት።

መመሪያው ያመጣልንን በረከት ዘርዝሬ አልጨርሰውም፤ ግን ጥቅምትን ሳላነሣ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ጥቅምት የእኛ ሁለተኛ ወር ነውና ማሽኑ የፈረንጆቹን ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪን ሰጠን፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ በዚያ ዓመት ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ስለነበረው ጥቅምት 29 እና 30 ከማኅበራችን ተሰረዙ። ማሽኖቹ ከጥቅምት 28 ተነሥተው ዘለው ኅዳር ገቡ። ሐመልማል ከሒሳብ ክፍል፣ በእነዚያ ሁለት ቀናት የሠራችው ሥራ በየትኛው ወር እንደሚመዘገብ ብትጠይቅ «እንደ አመቺነቱ» ተባለች። ለመሆኑ ጳጉሜን ምን እናድርጋት ተብለው ሲጠየቁም በጊዜው ራሱን የቻለ መመሪያ እንደሚወጣ ተናግረዋል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው ማሽን ከየት እንደሚመጣ ለማየት ሁላችንም በጉጉት ላይ ነን።

2ኛ) ቀጥሎ የማመሰግንዎ እንግሊዝኛ ስለተረጎሙልን ነው። ከመመሪያው ማግስት ጀምሮ ኢንተርኔት እንቢ አለ። የትኛውንም ገጽ ስንከፍት በትልቁ በእንግሊዝኛ «ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ይህ ነገር ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅዎ፣ ፈረንጆች ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ያላቸው የቆየ ንቀት እንደሆነ፣ ሆድ ሳይብሰን አልፈነው እንድንሄድ መከሩን። እኛም ተከፋን እንጂ አልተጠራጠርንም። ታዲያ ገጹ የማይከፍተው ለምንድን ነው ስንልዎ ደግሞ ጥፋቱን የኔትወርኩ አደረጉት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉት ይህ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያው ተረቱ ትዝ ስላለኝ ነው። ኔትወርኩ ምንም ሳያደርግ ስንት ቀን ተሰደበ! ሐመልማል ላፕቶፗን በሁለት እጇ ወደ ላይ ይዛ መስኮት ለመስኮት ስትዞር ያየ፣ ታቦት የያዘች ይመስለው ነበር።

3ኛ) ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ሊኑክስ ነው። ቀጠሮዬ ሲቀርብ ላፕቶፔን አቅፌ ወደ ክፍልዎ መጣሁና ለኅዳር 15 ኢንተርኔት እንዲከፍት እንዲያደርጉልኝ ለመንኩ። እርስዎም ከዳር እስከ ዳር ሳይመለከቱት ምርመራውን ጨረሱ፦ ዊንዶውሱ አርጅቷል፣ ቫይረስ ጨርሶታል፣ መድኃኒቱ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ላልሰሙ አንባቢዎች፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ሲሆን፣ ነፃ ነው፣ ቫይረስም እምብዛም አይደፍረውም። በሊኑክስ ላይ ቅሬታ እንዳለኝ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል፤ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በእሱው ላይ ነው፣ ወድጄዋለሁም። «ለነገ ይደርሳል» አሉኝ። እኔም የሞኝ ነገር አምኜ ሄድኩ።

በማግስቱ ስመጣ ሊኑክስ አሮጌውን ቤት አፍርሶ አዲሱን ግን ግማሽ ላይ አቁሞት አገኘሁ። አጫጫኑ እንዲህ ነው፤ ከፍላሹ ላይ ጥቂት ነገር ይጭንና ቀሪውን ዕቃ ከኢንተርኔት ጎትቶ ያመጣል። የእኔ ላፕቶፕ ግን የመጣለትን ዕቃ ሁሉ ደጅ ላይ አቁሞ ይመልስ ነበር። ዊንዶውሱ ጠፍቷል፣ ሊኑክሱ አልገባም። ጥቁር መስታወት ላይ ቀይ መስመር ብቻ! ከሁለት ያጣ ጎመን የሚባለውን በዓይኔ አየሁት፤ ጽሑፌ በአማካሪዬ እጅ ባይኖር ኖሮ ያንለት እዚያው ወለል ላይ እዘረጋ ነበር።

4ኛ) ላፕቶፔ ስለተደረገለት ሕክምና ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ፤ ሰውም እንዲህ አይታከም። መጀመሪያ ፍላሹ ተወቀሰና በሌላ ተቀየረ። ቀጥሎ ሆዱ ተከፍቶ የማስታወሻው ካርድ በላጲስ ተፈተገ። አቧራ ተነፋለት። ኔትወርክ ይሻል ይሆናል ተብሎ እስከ ግቢው በር ድረስ ከነገመዱ ተወሰደ፤ ከዚያ ደግሞ የበሩ ዛፍ ይጋርድ ይሆናል ተብሎ ተመለሰ። ረዳትዎ ዘሩባቤል፣ ታዛዥና ጨዋ ሰው ነው፣ ያዘዙትን ሁሉ ሳይታክት ፈጸመ። በየሙከራው መጨረሻ ግን ያው ቀይ መስመር ይወጣል፤ ዘሩባቤልም ያው ምን ልታዘዝ ብሎ ወደ እርስዎ ይመጣል።

መስመሩ ምን ይል እንደነበር ያስታውሱ ይሆን? ካላስታወሱ እኔ ቃል በቃል ባይሆንም በአማርኛ ላስታውስዎ፦ «ይህ ዕቃ የታሸገበት ቀን ገና አልደረሰም፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ተመለሱ» ነበር የሚለው። እርስዎም አንብበው «የተለመደ ማስጠንቀቂያ ነው፣ እለፉት» ብለው ወጡ። ክቡር ሆይ፣ ማሽኑ ምስኪን ነው፤ ትእዛዝዎን ከማናችንም በላይ ያከበረ እሱ ነው። በ2018 እንዲኖር ነገሩት፣ ኖረ። ከዚያ በ2025 የታሸገ ዕቃ አመጡለትና ተቀበል አሉት። ገና ያልተሠራ ዕቃ አልረከብም ማለቱ እንደ ሐቀኛ ግምጃ ቤት ኃላፊ እንጂ እንደ በሽተኛ የሚያስቆጥረው አልነበረም። እኛ ግን ሐቀኛውን ሆዱን ከፍተን በላጲስ ፈተግነው።

5ኛ) ወደ ኢንተርኔት ቤት እንድሄድ ስለመከሩኝም አመሰግናለሁ። ሄጄ ሞከርኩት። አንድ ጥግ ይዤ፣ ለሙከራ ያህል ስለ ሥር መበስበስ ለአማካሪዬ በማስረዳበት መካከል፣ ከግራና ከቀኝ የተቀመጡ የኳስ ውርርድ ደንበኞች በአንድ ድምፅ «ጎል!» ብለው ተነሡ። አማካሪዬ ምን ደረሰብሽ ብለው ደነገጡ። ቀጠሮዬን እዚያ ማካሄድ እንደማይቻል በዚያች ደቂቃ ተረዳሁ። ኳስ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደገና ይመጣልና አንባቢ እንዳይረሳው አደራ እላለሁ።

6ኛ) ስድስተኛው ምስጋናዬ አባቴን ስላስተናገዱልኝ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ልግታው። አባቴ ከቀጠሮው ቀን አስቀድመው፣ አንድ ማዳበሪያ ቦይና፣ ማለትም ጎደሬ፣ እና ከገበያ የገዙትን ዝንጅብል ተሸክመው፣ ከቦምቤ በሚኒባስ መጡ። ላፕቶፑ እንደታመመ ስነግራቸው ካላየሁት አሉ። ሰው ሲታመም ይጠየቃል፤ ቤት ተቀምጦ መስማት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። እናም ክፍልዎ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ፣ በተከፈተው በር ትይዩ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡ። ዘሩባቤል ብቅ ባለ ቁጥር ነቅቷል ወይ ብለው በወላይትኛ ይጠይቁታል፤ እሱም ገና ነው ይላቸዋል። ዝንጅብሉ ለምን እንደሞተ የሚነገርበት ቀን እየቀረበ፣ የሚነገርበት ዕቃ ተኝቷል። እኔ ከወዲያ ወዲህ እየተቆጣሁ ስመላለስ እሳቸው አንድም ቀን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ይህ የበለጠ አቃጠለኝ። እርስዎ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው «አባባ፣ አይዞዎት፣ ነገ ይደርሳል» ይሏቸው ነበር። አባቴም ተነሥተው ይመርቁዎታል። ያን ሁሉ ምርቃት የት እንዳስቀመጡት አላውቅም።

7ኛ) ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ግን ይህ ነው። በቀጠሮዬ ዋዜማ ላፕቶፑ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል የሚል ወረቀት እንድፈርም ቢሮዎ አስጠሩኝ። ዕድሜው ነው አሉኝ። ፊርማዬን ሳላኖር ስልክ ተደወለልዎና «አንድ ጊዜ» ብለው ወጡ፤ የእርስዎ አንድ ጊዜ እንደ እርስዎ ነገ ስለሆነ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ላፕቶፕዎ ተከፍቶ ነበር። የሰው ዕቃ መመልከት ነውር ነው፤ ነገር ግን በእኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚከፍት ኢንተርኔት ካየሁ ስንት ጊዜዬ! የእርስዎ ግን ተከፍቷል። የእንግሊዝ ክለቦች የነጥብ ሰንጠረዥ ወለል ብሎ ይታያል። እንዴት ቢሆን ነው የዚህ ሰውዬ ኔትወርክ የሚሠራው ብዬ ስንጠራራ፣ ዓይኔ ከታች ጥግ ላይ ካለው ቀን ላይ አረፈ።

ኖቬምበር 2025 ይላል።

ኧረ በስመ አብ! በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያለ ማሽን ሁሉ ማርች 2018 ላይ ተገትሮ ሳለ፣ የእርስዎ ብቻውን ዛሬ ላይ ቁጭ ብሏል። መመሪያውን ያወጣው ሰው ማሽን መመሪያው አልደረሰውም። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ተገለጠልኝ፦ የፈረንጆቹ «ንቀት»፣ የተሰደበው ኔትወርክ፣ የጠፋው ጥቅምት 29፣ ቀዩ መስመር። ሳቄ አፈነኝ። የጥበቃው ሰው ምን ሆነች ብሎ በሩን እስኪከፍት ድረስ ብቻዬን ሳቅኩ። ይህን ትምህርት ሳይናገሩ፣ ሳይሰበስቡ፣ እንዲያው ላፕቶፕዎን ክፍት ትተው በመውጣት ብቻ ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመዝገብዎ እንዲረዳ ባጭሩ እገልጻለሁ። በቀጥታ ዘሩባቤልን ይዤ ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ እንዲመልስልኝ ጠየቅሁት። መመሪያው አለ ብሎ አመነታ፤ እኔም ለመመሪያው ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ፣ ካስፈለገም ከአባቴ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ አልኩት። ቀኑን አስተካከለና ጫናውን እንደገና ጀመረ። ዕቃው አንድ በአንድ፣ ሳይጨቃጨቅ ይገባ ጀመር። የቢሮውን ሰዎች ሰብስበን፣ አባቴ ያመጡትን ቦይና ቀቅለን በዳጣ እየበላን ስንመለከት፣ ሳህኑ ሳያልቅ ሊኑክስ ተጭኖ አለቀ። ቀዩ መስመር ዳግም አልታየም። አባቴ በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሁሉም ሳቀ፤ ያሉት «ተኝቶ ነው እንጂ አልታመመም ነበር» ነው።

ኅዳር 15 ቀን ጽሑፌን አቀረብኩ። አባቴ ከኋላዬ ባለው ወንበር ላይ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ነጠላ አጣፍተው፣ ፈታኞቹ እንዲያይዋቸው ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር። ዝንጅብሉን የገደለው በዓይን የማይታይ ተህዋስ መሆኑን፣ በታመመ ዘርና በጎርፍ ከማሳ ወደ ማሳ መሻገሩን፣ ገበሬው ሳያውቅ የታመመውን ዘር ራሱ እንደሚተክል አስረዳሁ። ፈታኞቹ ጠየቁ፣ መለስኩ። ሲጨርሱ አንደኛው ፈታኝ ከኋላዬ ላሉት አባት የሚሉት ካለ ብለው ጋበዟቸው። እኔ ተረጎምኩላቸው። አባቴም ለፈታኞቹ ሳይሆን ለእኔ፣ «እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ አልነበረም ማለት ነው?» አሉኝ። ለካስ ይህን ሁሉ ዘመን «ምን ሆኖ ሞተ» ሲሉ የሚጠይቁኝ ስለ ዝንጅብሉ ብቻ አልነበረም። «አልነበረም» አልኳቸው። ንጹሕ ዘር ከተገኘና ማሳው ለጥቂት ዓመታት በሌላ ሰብል ካረፈ እንደገና ሊተከል እንደሚችልም ነገርኳቸው። ለፈታኞቹ መተርጎሙን እዚያ ላይ ረሳሁት፤ እነሱም አልጠየቁኝም። አለፍኩ፣ ክቡር ሆይ። ተመረቅኩ።

8ኛ) የመጨረሻው ምስጋናዬ ከሳምንት በኋላ ስለወጣው ሁለተኛ ደብዳቤዎ ነው። «ክፍላችን ባደረገው ያልተቋረጠ ጥረት የወ/ሮ ዓመለወርቅ ላፕቶፕ የሊኑክስ ጫና ችግር በስኬት ተፈቷል» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ሰው በዙሪያዎ ቢኖር አይስሙት። ጥረቱ ያልተቋረጠ መሆኑን እኔ እመሰክራለሁ፤ ያልተቋረጠው ቀኑ እስኪስተካከል ድረስ ነው። የሚገርመው ግን ደብዳቤው ችግሩ ምን እንደነበር አልጠቀሰም፣ የመስከረሙም መመሪያ አልተሻረም። እኔ ዛሬ በዛሬ ውስጥ ስኖር፣ የቤሌና የበዴሳ ባልደረቦቼ እስከ አሁን ማርች 2018 ላይ ሆነው ኔትወርክ እየተሳደቡ ነው። የቦምቤው ቅርንጫፍ ደግሞ የእርስዎን ስኬት ሰምቶ ሁሉንም ላፕቶፖች ለሊኑክስ ጫና ወደ እርስዎ ሊልክ በዝግጅት ላይ መሆኑን ሰምቻለሁ። ላጲስ ቢያስገዙ ይሻላል።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ አንዲት ትንሽ ልመና አለችኝ፦ ለቅርንጫፎቹ የአንድ መስመር ደብዳቤ ይጻፉላቸው። ማሽኑ በሆዱ የፈረንጁን ቀን ይያዝ፤ በደብዳቤያችን ግንባር ላይ ደግሞ የእኛን ቀን እኛው በእጃችን እንጻፍ። ዘመን አቆጣጠራችን ምንም ጥፋት የለበትም። ጳጉሜንም፣ ጥቅምት 29ንም የያዘ ሙሉ ነው። ቦታው ግን የሰው ልብና የወረቀት ራስ እንጂ የማይገባው ማሽን ሆድ አይደለም። ይህን ማድረግ ክብርዎን የሚነካ ሆኖ ከታየዎት፣ «በተደረገ ጥልቅ ጥናት» ብለው ይጀምሩት፤ እኛ እንደ መስከረሙ ከልባችን እናጨበጭባለን።

ወንበርዎ ይጽና፣ ነገዎ ይቅረብ፣ ቀይ መስመር ከደጅዎ ይራቅ፣ የተቀበሉትም ምርቃት ሁሉ ይድረስዎ እያልኩ፣ በፍጹም አክብሮትና በተስተካከለ ሰዓት እሰናበታለሁ።

ሁልጊዜም ውለታዎን የማትረሳው
ዓመለወርቅ ቦልቴ
የሰብል ጥበቃ ባለሙያ (አሁን ሁለተኛ ዲግሪ ያላት)

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ሲመቻቸው እንዲስቁ
ለቤሌ፣ ለበዴሳና ለቦምቤ ቅርንጫፎች፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ቀናቸውን እንዲያስተካክሉ
ለዘሩባቤል፣ በትዕግሥት
ለጥቅምት 29 እና 30፣ ካሉበት

ማሳሰቢያ፦ የእርስዎ ላፕቶፕ ብቻ ከመመሪያው እንዴት እንደተረፈ ብዙ ሳሰላስል ሰነበትኩ። ትናንት የንብረት ክፍሉ ፍቅሬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮዎ ውስጥ አብሮዎት ኳስ የሚያየው፣ ችሎታዎን ሊያደንቅልኝ ፈልጎ ነገረኝ። ለካስ የእርስዎም ቀን ተቀይሮ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን ጨዋታው አልከፍት ብሎ «ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ፣ እርስዎ ንቀት ነው ሳይሉ፣ ላጲስም ሳይፈልጉ፣ በዓይን ጥቅሻ ቀኑን መልሰው ለጨዋታው የመጀመሪያ ፊሽካ ደርሰዋል። እኛንና ቅርንጫፎቹን ከመስከረም እስከ ኅዳር ያደከመውን በሽታ በዚያች ቅዳሜ አውቀውት ነበር ማለት ነው። ፍቅሬ እንደሚለው ኮምፒውተር ላይ እንደ እርስዎ ፈጣን ሰው አይቶ አያውቅም።

ጠረጴዛዎ ላይ ያገኙትን የዝንጅብል ፌስታል የላኩት አባቴ ናቸው። ዘሩባቤልን አዝዞ ላፕቶፑን ያስቀሰቀሰው ያ በየቀኑ «አይዞዎት» ይላቸው የነበረው ትልቅ ሰው ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ወደ ቦምቤ ከመመለሳቸው በፊት ከምርጡ መርጠው አስቀመጡልዎ። እውነቱን አልነገርኳቸውም፤ ደስታቸውን የማበላሽበት ምክንያት አላገኘሁም። ስለዚህ ያለ ሐሳብ ይውሰዱት። ከቅዳሜው ጨዋታ ወዲህ ድምፅዎ እንደተዘጋ ሰምቻለሁ፤ ብዙ ሲጮሁ ለሚዘጋ ጉሮሮ ደግሞ ዝንጅብል ፍቱን ነው።